«እንዲህ በይ» ወይስ ቃሉን አስተካክሎ መመለስ?

ልጄ በሁለት ዓመት ከመንፈቋ «ታልሲ» ስትል እኛ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያርማት ነበር። «ካልሲ በይ! ካ! ካ!» ሦስተኛው ላይ ፊቷን ታዞርና ካልሲውን ወርውራ ትሄዳለች።

«እንዲህ በይ» ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። ችግሩ፣ ልጅቷ ቃሉን የጠራችው የምትነግረን ነገር ስላላት ነው፤ ካልሲዋ ጠፍቶባታል እንበል፣ እኛ ግን ወሬውን ትተን አፏን ማረም እንጀምራለን። ደግሞ «ከ»ን «ተ» ማለት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ስለተቆጣን ቶሎ አይስተካከልም።

ሁለተኛው መንገድ ሐሳቧን ተቀብሎ ቃሉን በትክክል መመለስ ነው። «ታልሲ!» ስትል «አዎ፣ ካልሲሽ! ቀዩ ካልሲሽ የት ገባ? አልጋው ስር ነው እንዴ?» ካልሲ የሚለውን ሁለቴ ሰማች፣ «ቀይ» እና «ስር» ተጨመሩላት፣ ወሬውም አልተቋረጠም። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ በሆድ እስከ አምስት መቁጠር። እኔን የከበደኝ ይሄ መጠበቁ ነው።

ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «በይ» የሚለውን ለመዝሙርና ለጨዋታ ብቻ፣ እሷ ራሷ ስትስቅበት፣ አስቀርቼዋለሁ። ውጪ አገር ላላችሁም ይሠራል፤ ልጁ «ሚልክ» ሲል «ወተት ፈለግህ? እንካ ወተት» በሉት።

ሁለት ዓመት ሞልቶት እንደ «አባ ና» ያለ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ካለ ግን፣ የትኛውንም መንገድ ብትይዙ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር።