ልጅ ይዛችሁ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሴ አጠገብ ካለው ከሐይቅ የተመለስነው ትናንት ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሊዞር አልቻለም። ጉዞ አዘጋጆች ለልጆች በልካቸው ላይፍ ጃኬት አለ ብለው ወስደው የአዋቂ ጃኬት አቀረቡልን፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ጉዞ አዘጋጅ ብር እንዳትልኩ።

የአዘጋጆቹን ስም እዚህ አልጽፍም። አቤቱታዬን ሳቀርብ እዚያ እጽፈዋለሁ። ዓይነታቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አላቸው። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ፖስተር ይለጥፋሉ። "የቤተሰብ ጉዞ"፣ "ለልጆች ልዩ ፕሮግራም"፣ "ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል"። ግማሹን ትከፍላላችሁ። ቅዳሜ ማታ "ቀሪውን ዛሬውኑ ካላስገባችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" የሚል መልእክት ይመጣል። ጠዋት ፒያሳ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ስም ይጠራል። 12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን ተብሎ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ይሄ የለመድነው ነው፤ በዚህ አልተናደድኩም።

እኛ ቤት እሁድ ልጆቹን ይዞ ከከተማ ወጣ ማለት የቆየ ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጦሳ ተራራ እንሄዳለን። ዳቦና ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ አንድ ምንጣፍ፣ በቃ። ልጆቹ ከላይ ሆነው ሰፈራችንን ለመለየት ይሻማሉ። ብርድ ሲበረታብን ደግሞ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ወርደን የጎፍ ደን ጥላ ሥር እንውላለን። አዝዋ ገደል ግን ልጅ ይዤ አልሄድም። እይታው የሚያምር ቢሆንም የአራት ዓመት ልጅ ይዞ ገደል አፋፍ ላይ መቆም ለእኔ አይሆንልኝም።

ዘንድሮ ግን ልጆቹ ውሃ፣ ውሃ አሉ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው። ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም ብለው አስተምረውታል መሰለኝ፣ "ታዲያ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የት ይሄዳል?" እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። ወስጄ ላሳየው ቃል ገባሁለት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ዋጋውም ከእነዚህ ሰዎች ጋር አይወዳደርም። እነሱ ለአዋቂ 1,500፣ ለልጅ 900 ብር ነው የተቀበሉን። ለአራታችን 4,800 ብር መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ብር ለመኪናው ብለን አልከፈልንም። የከፈልነው ፖስተሩ ላይ በትልቁ "የጀልባ ሽርሽር፣ ለሕፃናት በልካቸው የተዘጋጀ ላይፍ ጃኬት" የሚል ስለተጻፈበት ነው። ፎቶም ነበረው። ቢጫ ጃኬት የለበሱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ይስቃሉ።

በፖስተሩ ብቻ አላመንኩም። ደውዬ ጠየቅኩ። "የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የእሷ ልክ አላችሁ?" አልኩት። "ኧረ እናት፣ ምንም አታስቢ! ከሁለት ዓመት ጀምሮ አለን" አለኝ። ያን የተናገረው ያው ባጅ ያንጠለጠለው ልጅ ነው። ድምፁን ሚኒባሱ ውስጥ ወዲያው ለየሁት።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብሏታል። የደሴ ብርድ ለለመደ ሰው ደስ ይላል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ዳር ዳሩን ሮጡ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎን ነበር። ውሸቴን ማማረር ስለማልፈልግ ይህንንም እናገራለሁ።

ከዚያ ጀልባው መጣ። ረዳቱ ብርቱካንማ ጃኬቶች አቅፎ መጥቶ ሣሩ ላይ ዘረገፋቸው። ያረጁ ናቸው። እርጥበት እርጥበት ይሸታሉ። የአንዱ ዚፕ ተበላሽቶ በሲባጎ ታስሯል። አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ሁሉም የአዋቂ ናቸው። አንድም የልጅ የለም።

"የልጆቹስ?" አልኩ።

ባጅ ያንጠለጠለው ልጅ አንዱን አንስቶ ትንሿ ልጄ ላይ በአናቷ አጠለቀላት። ጆሮዋ ተሸፈነ። አገጯም አፏም ጃኬቱ ውስጥ ገባ። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ወገቧ ላይ አዙሮ ቋጠረውና "ይኸው!" አለ። ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሳት። ለቻናሉ መሆኑ ነው።

ባለቤቴ ባሕር ዳር የሠራ ሰው ነው። ጣና ላይ ብዙ ተሳፍሯል፤ ጃኬት እንዴት እንደሚፈተሽም ያውቃል። ምንም ሳይናገር ጎንበስ አለና ጃኬቱን በሁለት ትከሻው ይዞ ወደ ላይ ሳብ አደረገው። በቃ! ጃኬቱ እንዳለ ከአናቷ ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ። ቋጠሮው እንኳን አልተፈታም። ልጅቷ መሬቱ ላይ፣ ጃኬቱ አየር ላይ። ሁላችንም አየን። ባጅ ያንጠለጠለውም አየ።

"ውሃ ውስጥ ብትገባ እንዲህ ነው የሚሆነው" አለው ባለቤቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ልጁ ምን ቢለን ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ እኮ ነው። እናቷ አቅፋት ትቀመጥ።"

ይህን ሲል ፊቱን ደጋግሜ አየሁት። ሐፍረት ይኖረው ይሆን ብዬ ነው። የለውም። የዋሸኝን አስታወስኩት። "ስልክ ላይ ከሁለት ዓመት ጀምሮ አለን አላልከኝም?" አልኩት። "እሱ ያኔ ነበር፤ አሁን ሌላ ግሩፕ ወስዶታል" አለ። የትኛው ግሩፕ? የት? መልስ የለውም። "እንግዲያው ገንዘባችንን መልስ" ስለው ወደ ረዳቱ ዞሮ ሳቀ። እስከዚያች ሰዓት "እናት፣ እናት" ሲለኝ የዋለው ልጅ ፊቱን አጨማዶ "ሴትዮ፣ ሰው አታስፈራሪብን! የሚሳፈር ይሳፈር፣ የፈራ መኪና ውስጥ ይጠብቅ። በራሱ ፈቃድ ለቀረ ሰው ገንዘብ አይመለስም" አለ። ይህን የተናገረው በልጆቼ ፊት፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነው።

በራሱ ፈቃድ! ልጄን ከሞት ስጠብቅ በራሴ ፈቃድ እንደቀረሁ ተቆጠረብኝ።

ሐይቅ ኩሬ አይደለም። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ላይ ሣርና ቄጤማ አይታችሁ አትሸወዱ። ልጅን አቅፎ መቀመጥ የሚባለውም ባዶ ወሬ ነው። ጀልባ ሲያዘነብል ሰው ለራሱ የሚይዘውን ነው የሚፈልገው፤ እጁም ይፈታል። ሰፊ ጃኬት ደግሞ ልጅን አያድንም። ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥር ይሾልካል። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በልጁ ክብደት ነው። የትንንሾቹ በእግራቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው፤ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ልጅን ሐይቅ ላይ አሳፍሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም። ደግሞም ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ፖስተሩ ላይ "በልካቸው" ብሎ ባልጻፈ።

እኛ ቀረን። ትልቁ ልጄ ሌሎቹ ሲሳፈሩ አይቶ አለቀሰ። "ቃል ገብተሽልኝ" አለኝ። ለእሱ ምን ብዬ ላስረዳው? ሌሎቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተሳፈሩ። አልፈርድባቸውም፤ ከፍለዋል፣ ልጆቻቸው ያለቅሳሉ፣ አስተባባሪው ያጣድፋቸዋል። ግን ወላሂ፣ ያ ጀልባ እስኪመለስ ድረስ ዓይኔን ከውሃው አልነቀልኩም። የሰው ልጆች ናቸው። አላህ ጠበቃቸው፤ በሰላም ተመለሱ።

ሌላው ሁሉ ከዚህ አንጻር ቀላል ነው። ምሳው የሐይቅ ትኩስ ዓሣ ነው ተብሎ ነበር። አልቋል ተባልን፤ ቀዝቃዛ ሽሮ በላን። ፖስተሩ "ቤተሰብ በሙሉ የእስጢፋኖስን ገዳም ይጎበኛል" ይላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባ የወሎ ሰው ያውቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ትልቅ ገዳም ነው፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው። እኛ ሙስሊሞች እንኳን እናውቀዋለን፣ እናከብረዋለንም። ለሥራ አዲስ ወደ ኮምቦልቻ የመጣች አንዲት እናት ግን አላወቀችም። ነጠላዋን ይዛ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ነጭ አልብሳ ነበር የመጣችው። እዚያ ከደረሰች በኋላ "ሴት አይገባም" አሏት። ለሴት ልጆቿም ከፍላለች እኮ! ብሩን ሲቀበሏት ሴቶች መሆናቸውን አያውቁም ነበር? ከእሷ ጋር ዳር ላይ ቁጭ ብለን ዋልን። እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ቻናሉ ላይ የሆነውን ጻፍኩ። አልተሳደብኩም። ጃኬቱ የአዋቂ እንደነበር፣ ስልክ ላይ ምን እንዳለኝ፣ ገንዘቡ እንዲመለስልን ብቻ ነው የጻፍኩት። ወዲያው አጠፉት። እኔንም አስወጡኝ። ዛሬ ጠዋት እህቴ በእሷ ስልክ ገብታ ስታይ የልጄን ፎቶ ለጥፈውታል። ያን ጃኬት ውስጥ የተቀበረች ፊቷን! ከሥሩ "ደስተኛ ልጆች በሐይቅ" ይላል። ለመጪው እሁድም ምዝገባ ጀምረዋል።

ይሄ ነው ደሜን ያፈላው። ብሩስ ይቅር፣ ተሠርቶ ይገኛል። ልጄን ከሞት ጋር ያጋፈጡበትን ፎቶ ለሌላ እናት ማታለያ ማድረጋቸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የሚመጣው እሁድ የእናንተ ልጅ ላይ ያንኑ ጃኬት ያጠልቁላታል።

ሕግ የሚያውቅ ጎረቤታችን እንደነገረን፣ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እነሱ ደረሰኝ ስጠይቃቸው "የቴሌብሩ መልእክት ይበቃል" ብለውኝ ነበር። እሺ፣ ይበቃል። መልእክቱን፣ የፖስተሩን ስክሪንሾትና የለጠፉትን ፎቶ አትሜ ይዣለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቀሪውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የልጅ ጃኬቱን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ የዕለቱን እንጂ የፖስተሩን አይደለም። ውሃው ዳር ስትደርሱ ጃኬቱን በትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከልጁ ጆሮ ካለፈ አታሳፍሩት፣ ማንም ምንም ቢላችሁ።

ትናንት አብራችሁን የነበራችሁ ወይም ከዚህ በፊት በእነዚሁ ሰዎች የተጎዳችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁበትን መልእክት እንዳታጠፉት። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቤቱታዬን ይዤ ወደ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። ያቺ የኮምቦልቻዋ እናትም ትመጣለች። አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ዛሬ ማታውኑ ጻፉልኝ።