«ጎስት ዶግ»፦ ሽጉጥ የታጠቀ ሳሙራይ

በጂም ጃርሙሽ ፊልም «ጎስት ዶግ» (1999) የሳሙራይ፣ ማለትም የድሮ ጃፓን ጦረኞች፣ ሥርዓት ለጌጥ አልገባም፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ፎረስት ዊቴከር የሚጫወተው ቅጥረኛ ገዳይ፣ ሕይወቱን ላተረፈለት የማፍያ አባል በሎሌነት አድሯል። መልእክት የሚልከው በርግብ ነው፤ ክፍያውን የሚቀበለው በዓመት አንዴ፣ መጸው በገባ ዕለት። ጣጣው የሚመጣው ጌታው ራሱ የበላይ ስላለው ነው፦ አለቆቹ ገዳዩ ይወገድ ሲሉ ሁለቱም መውጫ ያጣሉ።

የገዳዩን እጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከተኮሰ በኋላ ሽጉጡን አሽከርክሮ የሚመልሰው ሰይፉን ወደ አፎቱ እንደሚከት ሰው ነው። ያን የሚያህል ሰው እንዲህ ቀልጠፍ ማለቱ በጣም ያስደንቃል!

የፊልሙ ድክመት ስለ ሳሙራይ ሥርዓት ከተጻፈው የጃፓን መጽሐፍ፣ ከ«ሃጋኩሬ»፣ የሚጠቀሱት አንቀጾች ናቸው። መልካቸው ያማረ ነው፤ ግን ትዕይንቱ ራሱ የሚነግረንን ቀድመው ስለሚያብራሩ ይበዛሉ። በዚህ የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የሜልቪል ፊልም «ለ ሳሙራይ» (1967) ይበልጠዋል። መክፈቻው ላይ አንድ ጥቅስ ብቻ አለ፣ እሱንም ዳይሬክተሩ ራሱ የፈጠረው ነው። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱን የምናየው ቅጥረኛ ገዳዩን በሚጫወተው በአላን ደሎን እጅ ነው፦ የኮፍያውን ጠርዝ ሲያስተካክል፣ በሰው መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፎቹን ያለ ጥድፊያ አንድ በአንድ ሲሞክር። ሁለቱንም ለማየት ካሰባችሁ ከ1967ቱ ጀምሩ።