የአሻንጉሊት ዓይን፦ በቁልፍ ወይስ በክር?

ለሕፃን የጨርቅ አሻንጉሊት ስሰፋ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዓይኑ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መትከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ላይም ወዲያው ሕይወት ይዘራል። ነገር ግን ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ክሩ ከምራቅና ከእጥበት ብዛት ይሳሳል፣ ቁልፉ ይወልቃል፣ ጉሮሮ ውስጥም ሊቀረቀር ይችላል። 3 ዓመት ላልሞላው ልጅ፣ ክሩን ደራርቤ ብሰፋው እንኳ፣ በፍጹም አላደርገውም።

በክር የተጠለፈ ዓይን ጊዜ ይወስዳል። ጥጡ ከመሞላቱ በፊት፣ ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ ሳለ መጥለፍ ይቀላል፤ ቋጠሮውም በውስጥ በኩል ተደብቆ ይቀራል። ጥቁር ክር ከሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ መፈተን ነው።

5 ዓመት ለሞላት ልጅ ግን ቁልፉን ራሷ ብትመርጥ ደስ ይለኛል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ከሌለ።