እንግዳ ዘመድ አንድ ቀን ብቻ ቢኖራቸው፦ ድሬዳዋ ወይስ ሐረር?

ድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች አክስት ወይም አጎት ከአዲስ አበባ በመጡ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል፤ እዚሁ እናውላቸው ወይስ ሐረር እንውሰዳቸው?

ድሬዳዋ ለእግር ትመቻለች። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ሜዳ ነው፤ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ዳር ዳሩ የዛፍ ጥላ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር የቆረቆራት ከተማ መሆኗ በአሮጌው ጣቢያ አካባቢ ዛሬም ይታያል። ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈርና ቀፊራ ገበያ አሉ። ፈተናው ሙቀቱ ነው፤ ጠዋት ገበያ፣ ከምሳ በኋላ እረፍት፣ ሲመሻሽ ከዚራ ከሆነ ግን ቀኑ ያምራል።

ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዳገቱ ሲጋመስ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚደሰተው በዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል ውስጥ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናዎቻቸውን በጠባቡ መንገድ ዳር ደርድረው ይሰፋሉ፤ አክስት የገዙትን ጨርቅ ጠርዙን እዚያው አስቀምቅመው መሄድ ይችላሉ። ከዚያ የአደሬ (የሐረሪ) ባህላዊ ቤት መግባት ነው፤ ቀያዩ መደብ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና የተደረደረው ሳህን እንግዳን አፍ ያስይዛል። የጅብ ማብላቱ ሲመሽ ስለሆነ እዚያው ማደርን ይጠይቃል።

ምርጫዬ ሐረር ናት፣ ያለ ጥርጥር። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ግን የጀጎል ድንጋይና ዳገት ይከብዳልና ድሬዳዋ ይዋሉ።