ባለ .375 ካሊበር የአደን ጠመንጃ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለጎሽና ጎሽን ለመሰሉ ከባድ እንስሳት አደን የሚሆን ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው የጥይቱን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ነው። እኔ ባለፉት ወራት የተጠቀምኩበት ጠመንጃ ማውዘር 98 የተባለውን የጀርመን ጠመንጃ አሠራር የተከተለና .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም የተባለውን ጥይት (ቁጥሩ የአረሩ ውፍረት በኢንች ነው) የሚጎርስ፣ ቦልቱ በእጅ እየተሳበ የሚቀባበል መሣሪያ ሲሆን፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ተገጥሞለትና ካዝናው ሞልቶ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በተኩስ መለማመጃም ሆነ በአደን ላይ ካየሁት ተነሥቼ የደረስኩበት አስተያየት፣ ተኳሹ ሳይፈራው ደጋግሞ ሊለማመድበት የሚችል ጥይትና በችኮላም ጊዜ ሳይነክስ (ጥይት ሳይቀረቀርበት) የሚያቀባብል ጠመንጃ ከማንኛውም ተጨማሪ ጉልበት ይቀድማሉ የሚል ነው።

ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1912 በእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ ድርጅት በሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የቀረበ ሲሆን፣ በተለመደው አሞላሉ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ይህም ከአፈሙዙ ሲወጣ 5,750 ጁል ያህል ጉልበት ይሰጠዋል። ከእርሱ በአንድ ዓመት የሚቀድመው .416 ሪግቢና እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው .416 ሬሚንግተን ማግነም 25.9 ግራም አረር በሰከንድ 730 ሜትር ገደማ በመላክ ወደ 6,900 ጁል ይደርሳሉ። .458 ሎት የተባለው ጥይት ደግሞ 32.4 ግራም አረር በሰከንድ 700 ሜትር በመላክ ወደ 7,900 ጁል ይጠጋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ያ ጉልበት ወደ ፊት ሲሄድ ተመጣጣኙ ርግጫ ወደ ተኳሹ ትከሻ እንደሚመለስ መዘንጋት የለበትም።

በርግጫው ላይ ረዘም ያለ ሐተታ ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት የብዙ ገዢዎች ምርጫ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። .30-06 የተባለው የተለመደ የአደን ጥይት በ3.6 ኪሎ ግራም ጠመንጃ ሲተኮስ 27 ጁል ያህል የርግጫ ጉልበት ሲኖረው፣ የእኔው .375 ወደ 50 ጁል፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ባለ .416 ጠመንጃ ወደ 70 ጁል፣ .458 ሎት ደግሞ ከ90 ጁል በላይ ይደርሳሉ። 50 ጁል ለጤነኛ ሰው የሚቻል ነው፤ ሆኖም ተኳሹ ተቀምጦ በጠረጴዛ ላይ ከተደገፈ ሰውነቱ ወደ ኋላ ሊለቅ ስለማይችል ምቱ በሙሉ ትከሻው ላይ ያርፋል። ስለዚህ መነጽሩን ካስተካከልኩ በኋላ ልምምዴን በሙሉ ቆሜ አደርጋለሁ፤ በአንድ ቀንም ጥቂት ጥይቶችን ብቻ ተኩሼ ቀሪውን ጊዜ በቀላል ጠመንጃ አሳልፋለሁ። ርግጫ የሚያስከትለው ትልቁ ጉዳት በትከሻ ላይ የሚታየው ሰንበር ሳይሆን፣ ምላጩ ከመሳቡ በፊት ዓይን መጨፈንና ትከሻ ማሸሽ ነው። ይህ ልማድ አንድ ጊዜ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም፤ እንዲህ ያለ ተኳሽ በ.458 ከሚያቆስለው ይልቅ በ.375 በትክክል የሚመታው እንስሳ ቶሎ ይወድቃል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ርግጫ ቀናሽ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ጎን ስለሚበትን አጠገብ የቆመውን ባልደረባ ጆሮ ክፉኛ ይጎዳል። በመሆኑም አልተጠቀምኩበትም፣ ሌላውም እንዲጠቀምበት አልመክርም። በምትኩ ቀጥ ያለ ሰደፍ፣ ወፍራም የጎማ ትራስና የጠመንጃው የራሱ ክብደት ይበቃሉ።

ጠመንጃውን ይበልጥ የወደድኩት በማቀባበሉ ነው። በማውዘር አሠራር ረጅሙ መንጠቆ ጥይቱ ከካዝናው ሲወጣ ወዲያውኑ የቀለሁን ጠርዝ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ወደ ጎን ቢያዘነብል ወይም ቢገለበጥ ጥይቱ አይወድቅም። ተኳሹ በድንጋጤ ቦልቱን ሙሉ በሙሉ ሳይገፋ መልሶ ቢስበው እንኳ የተያዘው ጥይት ተመልሶ ስለሚወጣ፣ ሁለተኛ ጥይት ከኋላው ገብቶ መሣሪያው አይነክስም። ጥይቱ ራሱ ለዚህ ይረዳል፤ ቀለሁ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ አንገቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ወደ መጉረሻው ያለ ችግር ይንሸራተታል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ርዝመቱ ነው፤ ሙሉው ጥይት እስከ 91.4 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ቦልቱ ረጅም ጉዞ ይጠይቃል፤ ተኳሹም እስከ መጨረሻው በኃይል መሳብን ሊለማመድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው .375 ሩገር የተባለው ጥይት አጭር ቀለህ ይዞ ተመጣጣኝ ጉልበት ስለሚሰጥ ይህን ለሚጠላ ሰው አማራጭ ነው። ደግሞም የጥንቱን ዓይነት መንጠቆ በያዙ ጠመንጃዎች አንድን ጥይት በቀጥታ መጉረሻው ውስጥ አስገብቶ ቦልቱን በላዩ ላይ መዝጋት መንጠቆውን ሊሰብረው ስለሚችል፣ ጥይት ሁልጊዜ በካዝናው በኩል ቢጎርስ ይመረጣል።

እንከኖችም ታይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች እየላሉ ስለመጡ፣ የጥይቶቹ ማረፊያ ተበታተነ፤ ጠመንጃ ጠጋኝ ብረቱ የሚያርፍበትን እንጨት በሙጫ ከሞላው ወዲህ ግን ችግሩ አልተመለሰም። ከባድ ካሊበር የሚገዛ ሰው ሰደፉ ርግጫ የሚቀበል ተሻጋሪ ብሎን እንዳለው፣ ከቦልቱ በስተኋላ ባለው እንጨት ላይም የፀጉር ስንጥቅ እንደሌለ አስቀድሞ ይመርምር። በካዝና ውስጥ የቀሩት ጥይቶችም በየርግጫው ወደ ፊት እየተገጩ ለስላሳ ጫፋቸው ይጠፈጠፋል፤ ይህ በቅርብ ርቀት ኢላማን አያስትም፤ አረሩ ግን ወደ ቀለሁ ገፋ ብሎ እንዳልገባ በየጊዜው ማየት ይገባል።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ከ1 እስከ 4 ጊዜ የሚያጎላው በቂ ነው፤ ዋናው ነገር ዓይን ከመነጽሩ ቢያንስ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ መሆኑ ነው፣ አለበለዚያ ቅንድብ ይሰነጠቃል። በ100 ሜትር ላይ ከመሃል 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲመታ ሲስተካከል፣ በ200 ሜትር ብዙም ሳይወርድ ይመታል።

አረሩን መምረጥ ከካሊበሩ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለቀጭን ቆዳ እንስሳት ተራው ለስላሳ አረር ይበቃል፤ ለጎሽ ግን ከገባ በኋላ ከፈት ብሎ ክብደቱን የሚጠብቅ፣ መሃሉ በመዳብ ግድግዳ የተከፈለ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ያስፈልጋል። የማይከፈተው ድፍን አረር በጣም ጠልቆ ስለሚገባ ለዝሆን ራስ ተመራጭ ነው፤ በመንጋ ውስጥ ግን አንዱን በስቶ ሌላውን ሊያቆስል ይችላል። ሁለቱን ዓይነት የሚይዝ ሰው ሁለቱም በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፉ መሆናቸውን በጠመንጃው ላይ ሞክሮ ያረጋግጥ፤ በእኔው ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ እንስሳት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ካሊበር .375 ወይም ለእርሱ የቀረበ በመሆኑ፣ አንድ ጠመንጃ ብቻ ለመያዝ ለሚፈልግ አዳኝ ይህን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የቆሰለ ዝሆን ወይም ጎሽ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተከታትሎ ማስቆም ሥራው የሆነ ሰው ግን ከ.416 ያላነሰ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ለእርሱ ልምምዱም የሥራው አካል ስለሆነ የርግጫውን ዋጋ ሊከፍል ይችላል።