ረጅሙ ሮክ፦ ግጥሙ ወይስ ድምፁ?

ጎንደር ላደገ ሰው ግጥምን ችላ ማለት ቀላል አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ስንኝ ሲወረውር ሰሙን አልፎ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ነው። እኔም ረጃጅሞቹን የፕሮግረሲቭ ሮክ (ከተለመደው ዘፈን የረዘመና የተወሳሰበ የሮክ ስልት) ሥራዎች መጀመሪያ ያደመጥኋቸው በዚሁ ጆሮ ነበር።

ራሽ የተባለው የካናዳ ባንድ ሥራ የሆነው «2112» (1976 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ጆሮ ይመቻል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚፈጀው ይህ ሥራ ግጥሙ የከበሮ መቺው የኒል ፐርት ነው። ካህናት ሁሉን በሚቆጣጠሩበት ዓለም አንድ ሰው ጥንታዊ ጊታር ያገኛል፤ በደስታ ወስዶ ቢያሳያቸው ያጣጥሉበታል። ጊታሩ ቀስ እያለ ሲቃኝ የሚሰማበትን ክፍል ልብ በሉ፦ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ተራ መቃኘት ነው፤ ለሚያውቅ ግን የሰውየው ጣቶች ሲማሩ ይሰማል። እዚህ ግጥሙን ማውጣት ምሰሶውን መንቀል ነው።

«የስ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሥራ የሆነው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» (1972 እ.ኤ.አ.) ግን ወርቅ ፈላጊውን ያደክማል። በወፎችና በውሃ ድምፅ ይከፈታል፤ ግጥሙ የሚገባው አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። የድምፃዊውን የጆን አንደርሰንን ቃላት ደጋግሜ ፈታሁ፤ አልተፈቱም። መፍትሔውን ያገኘሁት ከማሕሌት ነው። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት አገር ናት፤ ግእዙን ሳልረዳ በጽናጽሉና በከበሮው ስንት ሌሊት ነግቶብኛል! የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች የሪክ ዌክማን ኦርጋን ሲያስገመግምም ትርጉም አልጠየቅሁም።

አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አዝማሪዎቹ እንዳይሰሙኝ እንጂ።