ዋልያው፣ በሬውና አንበሳው፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸጡ የነሐስ ማኅተሞች

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የዕደ ጥበብ ሱቅ ሦስት ማኅተሞች «የጥንት አምሳያ» ተብለው ይሸጣሉ። ዋልያውና በሬው የተቀዱት ትግራይ ውስጥ ባለችው ጥንታዊቷ የሐ ላይ ከተገኙት፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበሩት ማኅተሞች ነው። መሃላቸው ክፍት ነው፤ እንስሳው በክፈፉ ውስጥ ቆሟል፣ ከጎኑም የሳባ ፊደል (የጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት) አለ። አንበሳው ሌላ ዘመን ነው፤ የዐፄ ምኒልክን ማኅተም ይከተላል። የምኒልክ መቀመጫ የነበረችውን አንኮበርን ለሚያውቅ ሰው ቢቀርብም ከሁለቱ ጋር በአንድ ስም መሸጥ አልነበረበትም።

ሻጩ «ዋልያ» የሚለው የተራራ ፍየል በየሐ የድንጋይ ቅርጾችም ላይ አለ። እሱና በሬው አልመቃህ ከተባለው የሳባ አምላክ ጋር ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ቀንዱ የተበላሸ ቅጂ ዋናውን ነገር አጥቷል።

የሚበላሸውም ቀንዱ ነው። ሥራው በሰም ነው፦ እንስሳው በሰም ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ የቀለጠ ብረት በቦታው ይገባል። («ሰምና ወርቅ» የምንለው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው።) ቅርጹ ሳይሞቅ ከተፈሰሰበት ወይም አየር መውጫ ካልተተወለት ብረቱ ቀጭኑ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል። ከዋልያዎቹ መካከል ቀንዳቸው ደንዝዞ የቀረ ስላሉ እየመረጡ መግዛት ነው።

«ነሐስ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። የጥንቱ መዳብና ቆርቆሮ (ቲን) ነው፣ ወደ ቀይ ቡኒ ይሄዳል። እንደ ወርቅ ቢጫ የሆነው ግን መዳብና ዚንክ ነው። ጀርባውን በሞረድ ጥቂት ነካ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ አንበሳው ቢጫ ሆኖ ይገኛል።

ማኅተም የሚፈተነው ሲያርፍ ነው። የጧፍ ሰም ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ስለሚጠጥር መጀመሪያ በእጅ መዳፍ ይታሻል። ማኅተሙን ውኃ ነክሮ፣ ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርጎ መጫን፣ ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ዋልያው ጥርት ብሎ ይወጣል። በሬው ሆዱ ሥር ወደ ውስጥ የገባ ጎን ስላለው ሰሙን ቦጭቆ ይነሳል፤ ሻጩ በቀጭን ሞረድ ቢያስተካክለው ይድናል። አንበሳው ላይ «ሞዓ አንበሳ» የሚለው ጽሑፍ በብረቱ ላይ ቀና ሆኖ ተቀርጿል፤ ስለዚህ ሲታተም ተገልብጦ ይነበባል። ይህ በሞረድ አይድንም፤ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ካልሆነ በቀር ማንም ባይገዛው ይሻላል።

በሎሚና በጨው መወልወል አይገባም። ጨው መዳቡን አረንጓዴ ዱቄት እያደረገ ይበላዋል፣ በክፍት ሥራው ጥግ ውስጥ የቀረውን ደግሞ አጥቦ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ በስሱ ሰም መቀባት። የጀርባው ማንጠልጠያ ቀለበት በሁለቱ ላይ አብሮ የተፈሰሰ ነው፣ በበሬው ላይ ግን ተበይዷል፤ ገመድ ከማሰር በፊት ብየዳውን በጣት ነቅነቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።